ድምፅ የላችሁም የተባልን ቀን

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀሚስ እሰፋለሁ። ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፍዬ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አንጥፌ፣ አክስቴን እጠብቃለሁ። አክስቴ ገና አልመጡም። ዶሯቸው ግን ቀድማ መጥታለች።

ዶሮዋ እንዴት ቀደመች ብትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በእግር የሚገባበት ቀበሌ ውስጥ፣ ታችኛው መንደር ነው። ዓይናቸው ደህና፣ ጥርሳቸው ደህና፣ ምላሳቸውማ ከደህናም በላይ። የከዳቸው ጉልበታቸው ብቻ ነው። ምንጩ ደግሞ ከገደሉ ግርጌ ነው። ሲወርዱም ጉልበት ይጠይቃል፣ ሲወጡም ጉልበት ይጠይቃል። «ይህ ምንጭ ውሃ አይደለም የሚሰጠኝ፣ ጉልበቴን ነው የሚጠጣው» ይሉ ነበር።

የወረዳው የውሃ ሰዎች ለቀበሌው አንድ ቦኖ ሊሠሩ መሆኑ ተሰማ። አንድ ብቻ። ወይ ላይኛው መንደር ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ወይ ታች ከአክስቴ ደጃፍ ከሚታየው ሾላ ሥር። ላይ ከተሠራ ለአክስቴ ከምንጩም የባሰ ዳገት ነው። እኔም አጋጣሚውን አገኘሁና «እቴቴ፣ በቃ ከእኔ ጋር ይኑሩ» አልኳቸው።

አሰቡ፣ አሰቡና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቦኖው ከሾላው ሥር ከመጣ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም። ላይ ከሄደ ግን መጋረጃሽን ግለጪልኝ፣ መጣሁ።» ቃላቸውን ለማጥበቅ አጎዛና ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ዶሯቸውን እግሯን አስረው በሰው ላኩልኝ። ዶሮዋ ከስፌት መኪናዬ ሥር ገብታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበትን ቅርጫት ቤቷ አድርጋ እንቁላል መጣል ጀመረች። ቀሚስ ለማስለካት የመጣች ሴት ሁሉ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» ትላለች። «ተከራይ ናት፣ ዋናዋ ተከራይ ትከተላለች» እላለሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ቦኖው ላይ ቢሄድልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከአክስቴ ጋር አንድ ጣራ ሥር መኖር ማለት ሳቅ ሳይከፍሉ ማግኘት ነው።

በዚያ ክረምት ጎርፉ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌው የሚያሻግረውን ድልድይ ነቅሎ ወሰደው። ለእግረኛ ግንድ ተጋደመ፣ መኪና ግን ጭራሽ አይሞከርም። የውሃ ሰዎቹ መጥተው፣ ሕዝብ ሰብስበው፣ ቦታ ሊመርጡ የያዙት ቀጠሮ በቃ ቀረ ሲባል መልእክት ላኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያው አነበበው፤ ስብሰባው «በቨርቹዋል» ይካሄዳል።

ማጉያው እንደሆነ ከድሮም ይንኮሻኮሻል። አክስቴና ጎረቤቶቻቸው የሰሙት ሌላ ነው።

«ስብሰባው በርቷል አሉ!»

«ምኑ ነው የበራው?»

«ስብሰባው ነዋ!»

«ድሮስ ማን አጥፍቶት ነበር?»

በኋላ የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ፣ ከዱርቤቴ የመጣች ፈገግተኛ ልጅ፣ ሰዉን ሰብስባ አስረዳች። «ቨርቹዋል ማለት እነሱ እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ እኛ እዚሁ ሆነን በቴሌቪዥን የምንነጋገርበት ነው። እኛ እናያቸዋለን፣ እነሱም ያዩናል።»

የዕድሩ ዳኛ፣ ከዘራቸውን ሳይዙ ታይተው የማያውቁ ሽማግሌ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ ሳንገናኝ መነጋገር? ይኸማ ጸሎት ነው።»

«ጸሎትማ ኔትወርክ አይፈልግም፣ አያ ዳኛ» አለች ልጅቱ።

አዎ፣ ኔትወርክ። ኔትወርክ ተመልሶ በመጣበት ሰሞን ነበር፣ እሱም እንደ እንግዳ ደርሶ ይሄዳል። ልጅቱ ለማንኛውም ሌላ ስልክ በተጠባባቂ ይኑር ስላለች አክስቴ ደወሉልኝ። «ያንን ብልጭልጭ ስልክሽን ይዘሽ ነይ። ካርድ ሙይበት። ፊትሽንም ታጠቢ፣ ወረዳ ያይሻል።»

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ገና በጠዋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እየነካካሁ ነው፤ የስፌት መኪናውንም፣ ስልኩንም። ስለዚህ ስጠራ ኩራቴ አይጣል! ለዶሮዋ ጥሬ በትኜ፣ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ በግንዱ ተሻግሬ ደረስኩ።

ስብሰባው ታችኛው መንደር ባለው የገበሬ ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። ቴሌቪዥኑ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቤት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጎልማሶች ታቅፎ፣ ዣንጥላ ተይዞለት መጣ። ሙሽራም እንደዚያ አትመጣ። ሰዉ ደግሞ እንዴት ለብሷል! ጋቢው ታጥቧል፣ ቀሚሱ ነጭ ነው፣ ፀጉር ተቀብቷል። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ፣ አክስቴ በሩ ላይ። ጉልበታቸውን እንደ ልብ የሚዘረጉበት ቦታ እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ቴሌቪዥኑ ሲበራ ብዙ ትናንሽ መስኮት ታየ። በአንዱ የወረዳው ውሃ ኃላፊና መሐንዲሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሌሎቹ የላይኛው መንደር ሰዎች አሉ። እነሱ ኮረብታው ላይ ስለሆኑ ኔትወርክ ቤታቸው ድረስ ይገባል፤ እያንዳንዳቸው በየስልካቸው፣ በየደጃቸው ሆነው ገብተዋል። የአንዱ በሬ ከትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ያየናል።

«ያ በሬም ተሰብሳቢ ነው?» አለች ከኋላ አንዲት።

«የላይኞቹ እኮ ሲበዙ አያፍሩም!»

ይህን ሲባባሉ የኃላፊው ፊት ቴሌቪዥኑን ሞላው። ሰዉ ምን ያድርግ? ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደሚደረገው አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ። «ኖር! ኖር!» አልን በአንድ አፍ።

አሁን «በእግዜር» ይሉናል፣ እኛም እንቀመጣለን ብለን ጠበቅን። ኃላፊው ዝም። ቆመን ጠበቅን። አሁንም ዝም። በእግዜር ሳይባል ደግሞ ማን ይቀመጣል? ነውር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘችው የባለሙያዋ ላፕቶፕ ላይ ያለችው ካሜራ ከጠረጴዛ ከፍታ ስለምታይ፣ በእኛ መስኮት የሚታየው ሆድና መታጠቂያ ብቻ ነው። የኃላፊው ድምፅ ግን ለእኛ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ መሐንዲሱ ዘንበል ብለው «ምን ሆነው ነው የቆሙት? ሊሄዱ ነው እንዴ?» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ኃላፊው ቀጠሉ።

«ታችኛው መንደር! ድምፅ የላችሁም!»

እናንተዬ! ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ለምርጫ ነው የመጣነው፤ ቦታ ለመምረጥ። ድምፅ የሌለው ሰው ማለት ደግሞ ሲመረጥ የማይቆጠር ማለት ነው። የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወጉ።

«ድምፅ የላችሁም? ገና ሳይጀመር?»

«ታችኛው መንደር፣ ድምፅ የላችሁም እኮ!» አሉ ኃላፊው ደግመው፣ ጮክ ብለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

«ደግሞ ይቆጣል!» አሉ ዳኛው። «ኖር ስንለው ዝም፣ ጭራሽ ድምፅ የላችሁም! ግብር ሲሆን ስንት ድምፅ ነበረን! ተነሡ፣ እንሂድ!»

ተነሡ የሚባል እንኳ አልነበረም፣ ሁሉም ቆሟል። ነጭ ለባሹ ሁሉ ወደ በሩ ተመመ። እኔ ገብቶኛል፤ እነሱ እኛን አይሰሙንም ማለት ነው። «ኧረ ቆዩ! ማይኩ ነው! ማይኩ ተዘግቶ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ሰዉ ከወጣ ቦታው ያለ እኛ ሊመረጥ ነው፣ ያለ እኛ ከተመረጠ ደግሞ ላይ ነው የሚሆነው። እኔ የምመኘው እሱን ነበር አይደል? ግን እግሬ ከልቤ ጋር አልተማከረም፣ እየጮኽኩ ወደ ጠረጴዛው ሮጥኩ። ባለሙያዋም እየሳቀችና እያላበች ላፕቶፑ ላይ ተደፍታ ቁልፉን ትፈልጋለች።

በሩ ላይ አክስቴ አሉ። ጉልበታቸውን እንደ በር መወርወሪያ ዘርግተው መውጫውን ዘግተዋል።

«እስቲ እለፉ» አሉ፣ «እኔን ተሻግራችሁ እለፉ! ትልቅ ሴት መሻገር ካማራችሁ!»

«ተይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ድምፅ የላችሁም ተብለን ምን እንጠብቃለን?» አሉ ዳኛው።

አክስቴ ያን ጊዜ አዳራሹ እስኪናጋ ጮኹ።

«ድምፅማ አለን! የሌለን ውሃ ነው!»

ባለሙያዋ ማይኩን የከፈተችው ልክ በዚያች ቅጽበት ነበር። ከእኛ አዳራሽ ወረዳው የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሆነ። ኃላፊው ደንገጥ ብለው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። መሐንዲሱ ሳቀ። የላይኛው መንደር ሰዎች በየመስኮታቸው ሳቁ። በሬው ብቻ ነው ያልሳቀ።

«አሁን ሰማናችሁ!» አሉ ኃላፊው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ድምፃችሁ ተዘግቶ ነበር ማለቴ ነው! እኒያ እናታችን ማን ናቸው?»

ነገሩ ሲገባን እኛም በሳቅ ፈነዳን። ዳኛው ግን ሥርዓት ሳይሟላ የሚስቁ ሰው አይደሉም። ሁሉንም ወደ ቦታው መለሱና «በሉ እንደገና» አሉ። አዳራሹ ሙሉ «ኖር!» አለ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡልን!» አሉ ኃላፊው።

ተቀመጥን። ጉልበታችን ሁሉ እንዴት ተመስገን እንዳለ!

መሐንዲሱ ካርታ አሳየ። ሰማያዊ ነጥቧ ላይኛው መንደር ላይ ናት። ምክንያቱም መንገዱ እዚያ ድረስ ይገባል፣ ለሥራ ይቀላል አለ። ከዚያ የሰዉ ሐሳብ ይታይ ተባለ፤ ላይ ይሁን የሚል እጁን ያውጣ። የላይኞቹ በየስልካቸው የእጅ ሥዕሏን ነኩና በየመስኮታቸው ቢጫ እጅ ብቅ ብቅ አለ። ታች ይሁን የሚል ሲባል አዳራሹ ሙሉ እጁን ሰቀለ። አንዳንዶቹማ ሁለቱንም። ባለሙያዋም በላፕቶፑ ላይ ሥዕሏን ነካች።

ወረዳ ላይ የሚቆጥረው ልጅ «ታች፣ አንድ እጅ» አለ።

«ስንት?» አሉ ዳኛው።

«አንድ። በአንድ መሣሪያ አንድ እጅ ነው የሚታየን፣ አባቴ።»

«እኔ ብቻዬን ሁለት አለኝ!» አሉ ዳኛው ሁለቱንም እጃቸውን ከነከዘራቸው ሽቅብ እየሰቀሉ። ከዘራው አምፖሉን ለጥቂት ሳተው።

ኃላፊው ሰዉን አረጋጉ። በእጅ ቆጠራ ብቻ አንወስንም፣ ሐሳብ ለመስማት ነው አሉ። መሐንዲሱም «የታችኛውን ቦታ በዓይኔ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ድልድዩ ከተሠራ በኋላ እንጂ አሁን አይቻልም። በካርታው እንሂድ» አለ።

ያን ጊዜ አክስቴ በከዘራ ተመርኩዘው ተነሡ። የማን ከዘራ ቢሉ የዳኛው፣ ሳይጠይቁ የተቀበሏቸው።

«ይህ ነገር መስኮት ነው አላችሁን አይደል?»

«አዎ፣ እናታችን።»

«መስኮት ከሆነና ከግድግዳ ካልተመረገ፣ ይነሣላ! ነይ አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን አምጪ። እኔ አሳያቸዋለሁ።»

በእኔ ስልክ ገባሁ። ወዲያው ስልኩና ቴሌቪዥኑ እንደ ሁለት ድመት ተጯጯሁ፣ ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ወጣን። ስንወጣ አዳራሹም አብሮ ወጣ፣ ባለሙያዋ ብቻ ላፕቶፑን ልትጠብቅ ቀረች። ካፊያ ጀምሯል። አንዱ ዣንጥላ ይዞ መጣና አክስቴን ትቶ ስልኩን አስጠለለ።

ስልኩን ልያዝ ብል እሺ አላሉኝም። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንዱ ስልክ፣ ቁልቁለቱን ተያያዙት።

«እናታችን» አለ መሐንዲሱ፣ «የሚታየን አፍንጫዎ ነው።»

«እሱንም እዩት፣ የታችኛው መንደር አፍንጫ ነው!»

ካሜራውን አዞርኩላቸው። አሁን ሰማይ ሆነ። ቀጥሎ የዳኛው ጉልበት ሆነ። ቀጥሎ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ። «ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ራሳችን ዞረ!» ይላሉ ኃላፊው ከዚያ ከደረቅ ወንበራቸው። አክስቴ እየሳቁ «እኛን ስንት ዘመን ሲያዞረን ኖሯል፣ እናንተንም አንድ ቀን ያዙራችሁ» ይላሉ።

ምንጩ ጋ ደረስን፣ ኔትወርኩም ያን ቀን ደግ ሆኖ አብሮን ወረደ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ትቀዳለች። ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ልትነሣ ስትል ይህን ሁሉ ሰው አየችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እነማን ናቸው?»

«ወረዳ ነው» አሉ አክስቴ ስልኩን እየዘረጉላት። «ተናገሪ።»

«ወረዳ ስልክ ውስጥ ገባ? እኔ ስብሰባ አላውቅም እቴ!»

«ለምን ስብሰባ አይመጡም?» ብለው ጠየቋት ኃላፊው።

ልጅቱ ስልኩን አየችው፣ እኛን አየችን። «ስብሰባ ሲሆንማ ሁሉም ይሄዳል፣ ምንጩ ሰው አይኖርበትም። ሳልሰለፍ የምቀዳው ያን ቀን ነው» አለች።

ኃላፊው ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉት። እኔም እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር። እኒያ ሰዎች በመኪና መጥተው አዳራሽ ቢቀመጡ ኖሮ ይህቺን ልጅ መቼም አያገኟትም። ስብሰባው እግር አውጥቶ እሷ ያለችበት ሲወርድ ነው የተገናኙት።

ይህን ሳስብ አክስቴ ተንሸራተቱ። ኧረ ወየው! ቁጭ አሉ ጭቃው ላይ። ሰዉ ጮኸ፣ ወረዳውም ጮኸ። አክስቴ ወደቁ እንጂ ስልኩ አልወደቀም፤ እጃቸው ሽቅብ እንደ ጧፍ ይዞታል።

«እናቴ! ተጎዱ እንዴ? አንሷቸው!» አለ መሐንዲሱ።

«ቆይ፣ አታንሡኝ» አሉ አክስቴ ፍጹም ደስ ብሏቸው። «ከዚህም ሆኖ ይታይ። ታያችሁ? ውሃ ስንቀዳ እንዲህ ነው።»

ሳቅ ገደለን። ደጋግፈን አስነሣናቸው። መሐንዲሱ አሁን ቀልዱን ተወና እስቲ ሾላውን አሳዩኝ አለ። አሳየነው። ከሾላው ወደ ላይኛው መንደር ያለውንስ? አሳየነው።

«ከላይ እስከ ሾላው ድረስ ቁልቁል ነው እንዴ? በካርታው እንዲህ አይመስልም ነበር። ቱቦውን ከላይ ወደ ታች መሳብ...»

«ልጄ» አሉ አክስቴ፣ «ውሃ ቁልቁል ለመውረድ ማን አስተምሮት ያውቃል? ሽቅብ መውጣት ያቃተን እኛ ነን።»

መሐንዲሱና ኃላፊው ተንሾካሾኩ። ሰዉ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እንግዲህ የቦኖው ቦታ...» አሉ፣ ስልኬም ድርግም። ባትሪው አለቀ።

አክስቴ ጥቁሩን ስልክ አገላብጠው አዩት። «ምን አሉ?»

«አላሉም፣ ጠፋ!»

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው! ዳኛው ሳይቀሩ ያለ ከዘራቸው ዳገቱን ወጡት። ሁሉም አዳራሹ ያለውን ቴሌቪዥን ሊሰማ። ምንጩ ጋ የቀረነው እኔና አክስቴ፣ የጀሪካኗ ልጅ፣ ስልኩ ቢጠፋም አሁንም ዣንጥላ የያዘለት ሰው ነን።

«ሂጂ፣ አንቺም ሩጪ» አሉኝ።

«ትቼዎት አልሄድም።»

አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸው ሙሉ ጭቃ ነው። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። የምንሰማው ካፊያው ቅጠል ሲመታ ብቻ ነው። እጄን ያዙኝ። እኔም በልቤ መጋረጃዋን አየኋት፣ አልጋዋን አየኋት፣ ቀጥሎ ያንን ፊታቸውን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምመኝ ተምታታብኝና ሾላው ሥር ይሁን፣ ሾላው ሥር ይሁን ስል ራሴን ያዝኩት።

ከአዳራሹ እልልታ መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ የባለሙያዋ መሰለኝ፣ ቀጥሎ የብዙ ሴቶች። ዳኛው ከዳገቱ አናት ሆነው ሁለቱንም እጃቸውን ሰቀሉልን።

«ስንት እጅ ነው የታየሽ?» አሉኝ አክስቴ።

«ሁለት!»

እልልታውን አቀለጥኩት። ጎኔን እስኪወጋኝ እልል አልኩ፣ የጀሪካኗ ልጅም አገዘችኝ። አክስቴ እየሳቁ እንባቸውን በጭቃማ እጃቸው ጠረጉትና ፊታቸው ዝንጉርጉር ሆነ። እንደዚያው ሆነው ወደ አዳራሹ ተመልሰው ወረዳውን ተሰናበቱ።

ድልድዩ ተጠግኖ፣ ቦኖው ከሾላው ሥር ተሠርቶ ውሃ በወረደ ሰሞን አክስቴ ፍኖተ ሰላም መጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ባነጠፍኩት አልጋ አንድ ሌሊት አደሩ። ጠዋት አጎዛና ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉ። ከስፌት መኪናዬ ሥር ጎንበስ ብለው ዶሮዋን አወጡ፣ እንቁላሉን ለእኔ ተዉት። ከዚያ ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ።